የቢዝነስ ተማሪ ከሕግ ኮርሱ ምን ይዞ ይውጣ?

የትም አገር ቢሆን በማኔጅመንት፣ በአካውንቲንግ ወይም በማርኬቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚይዝ ተማሪ ብዙውን ጊዜ አንድ የሕግ ኮርስ አያጣውም። ስሙ የንግድ ሕግ ወይም ቢዝነስ ሎው ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ሴሚስተር ያልቃል። ተማሪው የውልን ትርጉም ይሸመድዳል፣ የማኅበር ዓይነቶችን ይዘረዝራል፣ ይፈተናል፣ ያልፋል። ዓመት ሳይሞላው ይረሳዋል።

ይህ ነገር ያሳዝነኛል። ተመራቂው ሥራ በገባ በመጀመሪያው ወር ከሚነካቸው ነገሮች ውስጥ ሕግ የሌለበትን መፈለግ ይከብዳል። ዕቃ ያዛል። ማስታወቂያ ይጽፋል። ለደንበኛ በኢሜይል «እሺ፣ ተስማምተናል» ብሎ ይመልሳል። የደንበኞችን ስልክ ቁጥር በኤክሴል ሰብስቦ ለሌላ ድርጅት ይልካል። አንዱም ላይ «ይህ የሕግ ጉዳይ ነው» የሚል ምልክት አልተለጠፈም። ሕግ እንደነበረበት የሚታወቀው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

በቅርብ ከተሰጡ ፍርዶች አንዱን ላንሳ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ2021 በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት አንድ የእህል ገዢ ድርጅት 87 ቶን ገደማ ተልባ ለመግዛት ውል አዘጋጀ። የውሉን ፎቶ በስልክ ለገበሬው ላከና «ውሉን አረጋግጥልኝ» አለው። ገበሬው አውራ ጣት ወደ ላይ የተቀሰረበትን ኢሞጂ ላከ። የማስረከቢያው ጊዜ ሲደርስ የተልባ ዋጋ ንሮ ነበር። ተልባው ግን አልመጣም። ገበሬው «እኔ መልእክቱ ደርሶኛል ማለቴ ነው እንጂ ተስማምቻለሁ አላልኩም» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ2023 ይህን አልተቀበለውም። ሁለቱ ከዚያ በፊት በተደጋጋሚ ሲገበያዩ ገበሬው «ኦኬ» የመሳሰሉ አጫጭር መልሶችን ብቻ ይልክ ነበር። ተልባውንም ያስረክብ ነበር። ስለዚህ አውራ ጣቷ እንደ ፊርማ ተቆጠረች። ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተወሰነበት። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2024 ውሳኔውን አጸናው።

ውል በሁለት ወገን ስምምነት እንደሚመሠረት የማያውቅ የቢዝነስ ተማሪ የለም። ፈተና ላይ ጥርት አድርጎ ይጽፈዋል። ግን ያ ተማሪ ኢሞጂ ሲልክ ውል እየገባ ሊሆን እንደሚችል ይታየዋል? ብዙዎቹ አይታያቸውም ብዬ እሰጋለሁ። እውቀቱ አለ። በሚሠራበት ቦታ ላይ ግን አልተተከለም።

የዚህ ምክንያት የኮርሱ አሠራር ውስጥ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኮርሱ የሚዘጋጀው የሕግ ትምህርት ቤቱን ሥርዓተ ትምህርት አሳጥሮ ነው። የሕግ ተማሪ በበርካታ ዓመታት የሚማረው ውል፣ ንብረት፣ ማኅበራት፣ ሽያጭ፣ ውክልና፣ ኢንሹራንስና የሚተላለፉ ሰነዶች (እንደ ቼክ ያሉ) ሁሉ ተጨምቆ በአንድ ሴሚስተር ይገባል። ጽሑፉ አጭር ይሆናል እንጂ ዓላማው አይቀየርም። ጠበቃ ለሚሆን ሰው የተሠራ ነው። የሕግ ተማሪ ክርክር ከተነሳ በኋላ ማን ይረታል የሚለውን ማወቅ አለበት። የቢዝነስ ተማሪ ደግሞ ክርክሩ ገና ሳይወለድ፣ ውሳኔው በእጁ እያለ፣ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት። ሁለቱ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ሁለተኛውን የሚያስተምር ክፍል ማግኘት ከባድ ነው።

በአሜሪካ የተፈጠረውን የቴክሳኮና የፔንዞይል ጉዳይ ተመልከቱት። በጥር 1984 ፔንዞይል የተባለው ኩባንያ ጌቲ ኦይል ከተባለ የነዳጅ ኩባንያ ትልቅ ድርሻ ለመግዛት ከባለድርሻዎቹ ጋር «በመርህ ደረጃ» ተስማማ። ዋጋው በአንድ አክሲዮን 110 ዶላርና ትንሽ ተጨማሪ ነበር። ለጋዜጠኞችም መግለጫ ወጣ። ዋናው ውል ግን ገና አልተፈረመም። በቀናት ውስጥ ሌላው የነዳጅ ኩባንያ ቴክሳኮ የተሻለ ዋጋ ይዞ መጣና ጌቲን ወሰደ። በቴክሳኮ በኩል የነበረው ስሌት ግልጽ ነው፤ ያልተፈረመ ውል ውል አይደለም። የሂዩስተን ጁሪ (ከተራው ሕዝብ የተመረጠ የፈራጆች ቡድን) ግን በ1985 ተዋዋዮቹ ለመገደድ አስበው ነበር ብሎ አመነ። ቴክሳኮ የሌላውን ውል በማፍረሱ 10.53 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ቴክሳኮ በ1987 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ጉዳዩ በመጨረሻ በ3 ቢሊዮን ዶላር በስምምነት አለቀ።

ይህን ታሪክ ለሕግ ተማሪ ብታስተምረው የሚጠይቀው «ፍርዱ ትክክል ነበር?» ብሎ ነው። ለቢዝነስ ተማሪ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። በዚያ መግለጫ ላይ ምን ዓይነት አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመር ይህ ሁሉ ይቀር ነበር? «ዋናው ውል እስኪፈረም ድረስ የትኛውም ወገን አይገደድም» የሚል መስመር። ተማሪው ይህን አንዴ በራሱ እጅ ከጻፈው፣ ነገ ድርድር ላይ ሲቀመጥ ትዝ ይለዋል። ካልጻፈው አይለውም።

ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሕግ ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል። ማስታወቂያ እንዴት ትኩረት እንደሚስብ ለወራት ይማራሉ። ማስታወቂያ መቼ ቃል ኪዳን እንደሚሆን ግን ያ ለሕግ ኮርሱ የተተወ ነው። የሕግ ኮርሱም በሁለት መስመር ያልፈዋል። በእንግሊዝ «የጭስ ኳስ» የሚባል በአፍንጫ የሚሳብ መከላከያ የሚሸጥ አንድ ኩባንያ «የጭስ ኳሳችንን በተባለው መንገድ ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው 100 ፓውንድ እንከፍላለን» ብሎ በጋዜጣ አስነገረ። የምሩን መሆኑን ለማሳየትም 1000 ፓውንድ ባንክ ማስቀመጡን ጻፈ። ምርቱን የተጠቀመች ሴት ታመመችና ገንዘቡን ጠየቀች። ኩባንያው «ማስታወቂያ እኮ ነው፣ ማን የምሩን ይወስደዋል?» አለ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1892 መጨረሻ ክፈል አለው። ባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ ራሱ መሰከረበት።

ከመቶ ዓመት በኋላ ፔፕሲ በቴሌቪዥን ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ የጦር ጄት አሳየ። ዋጋው 7 ሚሊዮን የፔፕሲ ነጥብ (መጠጡን በመግዛት የሚሰበሰብ) ተባለ። ነጥብ በገንዘብም ይገዛ ስለነበር አንድ ወጣት ወደ 700 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ቼክ ይዞ ጄቱን ጠየቀ። የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ1999 ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። ማስታወቂያው ቀልድ መሆኑን ማንኛውም አስተዋይ ሰው ይረዳዋል አለ። እነዚህን ሁለት ፍርዶች ጎን ለጎን አስቀምጡና ለማርኬቲንግ ተማሪዎች ስጧቸው። በየትኛው ቃል፣ በየትኛው ቁጥር፣ በየትኛው ምስል ላይ ማስታወቂያ ወደ ቃል ኪዳን እንደሚሻገር ራሳቸው ይፈልጉት። ከዚያ የራሳቸውን የሽልማት ዘመቻ ጽሑፍ በዚያ ዓይን ያንብቡት። እንደኔ ይህ ከአንድ ምዕራፍ ትርጓሜ ይበልጣል። ቦታውም ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ነው።

ፋይናንስ ላይ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ተማሪዎች «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለውን ሐረግ እንደ ክታብ ይይዙታል። ኩባንያ ካቋቋምኩ የግል ንብረቴ አይነካም ብለው ይመረቃሉ። መሠረቱ እውነት ነው። በ1896 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት፣ ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ፣ የወሰነው የሳሎሞን ጉዳይ ይህን አጽንቶታል። ሳሎሞን የቆዳ ጫማ ሠሪ ነበር። ሥራውን ወደ ኩባንያ ሲለውጥ ከ20,007 አክሲዮኖች 20,001ዱን እሱ ያዘ። ሚስቱና አምስት ልጆቹ አንዳንድ ደረሳቸው። የ10,000 ፓውንድ የዕዳ ሰነድም በኩባንያው ንብረት ላይ ተይዞለት ነበር። ኩባንያው ሲከስር አበዳሪዎች «ኩባንያው ራሱ ሳሎሞን ነው፣ ይክፈለን» አሉ። የመጨረሻው ፍርድ ግን ኩባንያው ከሳሎሞን የተለየ ሕጋዊ ሰውነት አለው የሚል ሆነ።

ክፍል ውስጥ ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ለተማሪው የሚጠቅመው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ባንኮችም ይህን ፍርድ ያውቁታል። ስለዚህ ለአነስተኛ ኩባንያ ሲያበድሩ ባለቤቱ በግሉ ዋስ ሆኖ እንዲፈርም ይጠይቃሉ። ያቺ አንዲት ፊርማ የተወሰነውን ኃላፊነት ለዚያ ብድር መልሳ ትከፍተዋለች። ሌላም አለ። ያለ መያዣ በዱቤ ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ ኩባንያው ቢከስር ወረፋው ላይ መያዣ ካላቸው አበዳሪዎች በኋላ ነው የሚቆመው። ይህን የተረዳ ተማሪ የሂሳብ መዝገብ ሲያነብ ዕዳው ስንት ነው በሚለው ብቻ አያቆምም። የትኛው ንብረት ለማን ተይዟል ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ የብድር ትንተና ኮርስ ውስጥ መግባት ነበረበት። ሕግ የሚባለው ክፍል ውስጥ ተቆልፎ ቀርቷል።

የአካውንቲንግ ተማሪም እንዲሁ ነው። የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን በሂሳብ ማጭበርበር በ2001 ከወደቀ በኋላ አሜሪካ በ2002 ሳርቤንስ ኦክስሊ የተባለውን ሕግ አወጣች። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚና የፋይናንስ ኃላፊ ሪፖርቱን በስማቸው እንዲያረጋግጡ ግድ ሆነ። እያወቀ ሆን ብሎ የተሳሳተ ሪፖርት ያረጋገጠ ሰው እስከ 20 ዓመት እስራትና እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል። ነገ ያንን ቁጥር አዘጋጅቶ ለአለቃው የሚያቀርበው የዛሬው ተማሪ ነው። ከቁጥሩ ጀርባ የሰው ፊርማ እንዳለ ከመጀመሪያው ሊሰማው ይገባል።

ዕቃ በሚያጓጉዝና በሚያስመጣ ሰው ዘንድ ደግሞ አንድ ስህተት ደጋግሞ ይታያል። ሲአይኤፍ በሚባለው የሽያጭ ውል ሻጩ እስከ መድረሻው ወደብ የጭነቱንም የኢንሹራንሱንም ይከፍላል። ስለዚህ ብዙ ሰው ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ ጉዳቱ የሻጩ ይመስለዋል። ኢንኮተርምስ በሚባለው የዓለም አቀፍ ሽያጭ ቃላት ደንብ መሠረት ግን የጉዳቱ ኃላፊነት ወደ ገዢው የሚዞረው ዕቃው መነሻው ወደብ ላይ መርከብ ላይ ሲጫን ነው። ወጪው የሚያልቅበትና ጉዳቱ የሚዞርበት ቦታ የተለያየ ነው። ይህን የማያውቅ ገዢ የኢንሹራንሱን ሽፋን አያነብም። ዕቃው ሲጎዳ ሻጩን ይጠብቃል። ሻጩ ደግሞ በሕግ ነፃ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ የቆየ ጉዳይ አለ። በ1854 የተወሰነ የእንግሊዝ ፍርድ ነው። የአንድ ወፍጮ ቤት የሞተር ዘንግ ተሰበረ። አዲስ እንዲሠራበት የተሰበረውን በአጓጓዥ ላኩት። አጓጓዡ ዘገየ፣ ወፍጮውም ቆሞ ቀረ። ባለቤቶቹ ያጡትን ትርፍ ጠየቁ። ፍርድ ቤቱ ግን አጓጓዡ ወፍጮው በዚያ ዘንግ ምክንያት እንደቆመ ሊያውቅ የሚችልበት ሁኔታ ስላልነበረ ለጠፋው ትርፍ አይጠየቅም አለ። ሐሳቡ የእንግሊዝ ብቻ አይደለም። የ1804 የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግም ካሳን ውሉ ሲገባ ሊገመት በሚችለው ጉዳት ወስኖት ነበር። የ1980 የቪየና የዓለም አቀፍ ዕቃ ሽያጭ ስምምነትም እንዲሁ። ለግዢ ክፍል ሠራተኛ ትርጉሙ ቀላል ነው። መዘግየት የሚያስከፍልህን ዋጋ ውሉ ሲፈረም ለአቅራቢው በጽሑፍ ንገረው። ሳትነግረው ቆይተህ በኋላ ብትጠይቀው ላታገኝ ትችላለህ። አንድ ኢሜይል ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ታዲያ ተቃውሞ አለ። አንዳንዱ «ጠበቃ ለምን ተፈጠረ?» ይላል። ልክ ነው፣ ጠበቃ ያስፈልጋል። ግን ጠበቃ የሚጠራው ሰው መቼ መጥራት እንዳለበት ማወቅ አለበት። ብዙው ድርጅት ጠበቃውን የሚያገኘው ኢሜይሎቹ ከተጻፉ፣ ውሉ ከተፈረመ፣ ክሱ ከደረሰ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። በዚያ ሰዓት ጠበቃው የሚሠራው ባለው ማስረጃ ነው። ማስረጃውን ደግሞ ሳያስቡት የጻፉት የሽያጭና የግዢ ሠራተኞች ናቸው።

ሌላው ተቃውሞ «ጥቂት ሕግ ማወቅ ካለማወቅ ይብሳል፣ ተማሪው ጠበቃ የሆነ ይመስለዋል» የሚል ነው። ይህኛው ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም የሽምደዳ ኮርስ በእርግጥ እንዲህ ያለ ሰው ያፈራል። አንቀጽ ቁጥር የሚጠራ፣ ግን ሕጉ መሻሻሉን የማያረጋግጥ ሰው። መድኃኒቱ ትምህርቱን መቀነስ አይደለም። ተማሪው ክፍል ውስጥ ደጋግሞ «ይህን እኔ አልወስንም፣ የሕግ ባለሙያ ልጠይቅ» የሚልበትን ቦታ እንዲለይ ማሠልጠን ነው። ይህ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፣ ሊፈተንም ይችላል።

ከሁሉም አዲሱ ክርክር የመጣው ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። «ውሉን ለቻትጂፒቲ እሰጠዋለሁ፣ ያጠቃልልኛል፣ ያርምልኛል፣ ሕግ መማር ለምን?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መሣሪያው ረጅም ውልን በቀላል ቋንቋ ማስረዳት ይችላል። ለተማሪ ትልቅ እርዳታ ነው። ግን በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ አየር መንገድ ላይ ክስ የያዙ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በእውኑ ዓለም የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አቀረቡ። 5,000 ዶላር ተቀጡ። የሕግ ባለሙያዎች እንዲህ ከተታለሉ፣ አንድም ፍርድ አንብቦ የማያውቅ የቢዝነስ ምሩቅ በምን ይለየዋል? በተጨማሪም መሣሪያው የሚመልሰው የነገሩትን ያህል ነው። ባንኩ የግል ዋስትና እንዳስፈረመህ፣ ለአቅራቢው በስልክ ምን እንዳልከው፣ ከደንበኛህ ጋር ስንት ጊዜ በምን መልኩ እንደተገበያያችሁ አያውቅም። የትኛው መረጃ ለጉዳዩ ወሳኝ እንደሆነ የሚለየው ጠያቂው ነው። እሱን ነው ኮርሱ ማስተማር ያለበት።

ከዚህ የባሰው ደግሞ መሣሪያውን ራሱ ለደንበኛ አገልግሎት ሲያቆሙት ነው። አየር ካናዳ ድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠው ቻትቦት በሐዘን ምክንያት ለሚጓዝ ሰው ስለሚደረግ ቅናሽ ለአንድ መንገደኛ የተሳሳተ መረጃ ሰጠው። መንገደኛው በዚያ ተማምኖ ትኬት ገዛ። ቅናሹን ሲከለከል ከሰሰ። ኩባንያው ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ ቻትቦቱ ለራሱ ድርጊት ራሱ የሚጠየቅ የተለየ አካል ነው እንደማለት ነበር። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጉዳዩን ያየው የዳኝነት አካል በየካቲት 2024 ይህን አልተቀበለም። ድረ ገጹ ላይ ላለው መረጃ ሁሉ ኩባንያው ነው ተጠያቂው አለ። የተከፈለው ገንዘብ ከ800 የካናዳ ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ነገር ግን ቻትቦት የሚያቆም ድርጅት ሁሉ ማንበብ ያለበት ውሳኔ ነው። ያንን ቻትቦት የሚመርጠው፣ የሚገዛው፣ ምን እንዲል የሚወስነው ማን ነው? የማርኬቲንግና የማኔጅመንት ምሩቅ ነው።

ምን ይደረግ ብባል ከፈተናው እጀምራለሁ። ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተነውን ነው። የዛሬው ፈተና «የውል አስፈላጊ ሁኔታዎችን ዘርዝር» ይላል። በዚያ ፈንታ ለተማሪው የአምስት ገጽ የአቅርቦት ውል ይሰጠው። የድርጅቱን ሁኔታም በአንድ ገጽ ይንገሩት፤ ምን ያመርታል፣ ጥሬ ዕቃ ቢዘገይበት ስንት ያጣል፣ ስንት ገንዘብ በእጁ አለ። ከዚያ ይጠየቅ። ከመፈረምህ በፊት የትኞቹን ሦስት አንቀጾች ታስቀይራለህ? እንዴት አድርገህ? ሻጩ እምቢ ቢል የትኛውን ትተዋለህ? የትኛውን ለጠበቃ ታሳያለህ?

በእንዲህ ያለ ውል ውስጥ ማንም የማያነባቸው አንቀጾች አሉ። ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ ካላሳወቅህ ውሉ ራሱን ለተጨማሪ ዓመት ያድሳል የሚል። የሻጩን ኃላፊነት በዕቃው ዋጋ የሚገድብ። ክርክር ቢነሳ በሌላ አገር ከተማ በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚል። የመጨረሻው ለትንሽ ድርጅት ከባድ ነው፤ ወደዚያ ለመሄድና ለመከራከር የሚወጣው ገንዘብ ከሚጠይቀው ካሳ ሊበልጥ ይችላል። አልሄድም ቢልም አይድንም። የ1958ቱን የኒው ዮርክ ስምምነት የተቀበሉ አገሮች ከ170 በላይ ናቸው። እዚያ የተሰጠው የግልግል ውሳኔ አገሩ ድረስ መጥቶ ሊፈጸምበት ይችላል።

ጊዜውም ቢታሰብበት ጥሩ ነው። ሕግን በመጀመሪያው ዓመት መስጠት አይዋጥልኝም። ተማሪው ያኔ ሚዛን ሰንጠረዥ አንብቦ አያውቅም፣ የአቅርቦት ሰንሰለት ምን እንደሆነ አልተማረም። ሕጉን የሚያንጠለጥልበት ነገር የለውም። መሠረቱን ሁለተኛው ዓመት ላይ ይውሰድ። ከዚያ በኋላ የማርኬቲንግ፣ የፋይናንስና የግዢ አስተዳደር ኮርሶች እያንዳንዳቸው የሕግ መምህሩን ለሁለት ወይም ለሦስት ክፍለ ጊዜ ይጋብዙ። ተጨማሪ ክሬዲት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሁለት ዲፓርትመንቶች ቁጭ ብለው እንዲነጋገሩ ነው። ይህ ደግሞ ከሚመስለው በላይ ከባድ ሥራ ነው፤ የቢዝነስ ተማሪዎችን የሕግ ኮርስ ለማስተማር ብዙ ጊዜ የሚመደበው ገና የተቀጠረ መምህር ነው፣ ሥርዓተ ትምህርት የመቀየር ሥልጣን የለውም። ለውጡ መጀመር ያለበት ከዲኖቹ ነው።